ምንጭ ከዝናብ ነው ወይስ ከምድር ሆድ? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ክርክርና የግሽ ዓባይ ምስክርነት

ዘሰከላ (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከግሽ ዓባይ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ውኃ ዑደት ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ዝናብ ካቆመ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ምንጫችን ግን አልደረቀም። ውኃው ከሥር ከሌላ ባሕር ካልመጣ በቀር ከየት ይመጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀው ስለ ነበር ነገርኳት፤ ፊቷን ሳየው ግን እንዳላሳመንኳት ገባኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ የልጅቷ ጥያቄ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ታላላቅ ሊቃውንት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ራሱ መሆኑን አስተዋልኩ።

ነገሩ ከእኛው አገር ጋር የሚገናኝበት መንገድም አለ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን) ፔድሮ ፓኤዝ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ጥልቀቱን ለማወቅ ጦር ሰድዶበታል። የአካባቢው ሰዎችም ተራራው በሙሉ ውኃ የሞላበት መሆኑን፣ ለዚህም ምልክቱ በምንጩ ዙሪያ ያለው መስክ ሲረግጡት መንቀጥቀጡ እንደ ሆነ ነግረውታል። ይህን ጽሑፍ ወደ ላቲን መልሶ ለአውሮፓ አንባቢ ያደረሰው፣ በሮም የሚኖረው ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ አታናስዮስ ኪርኸር ነው፤ በ1652 መታተም በጀመረው፣ ስለ ግብጽ በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል።

ይኸው ኪርኸር በ1665 ስለ ከርሰ ምድር ዓለም ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንዞች የሚመነጩት በተራሮች ሥር ካሉ ግዙፍ የውኃ ጎተራዎች እንደ ሆነ አስተማረ፤ ለአፍሪካም እንዲህ ያለውን ጎተራ የዓባይ መነሻ ናቸው ይባሉ በነበሩት «የጨረቃ ተራሮች» ሥር አድርጎ በካርታ ሣለው። ዝናብ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ በምድር ሆድ ውስጥ ያለ ባሕር ግን ማንም አላየውም። ታዲያ እነዚያ የተማሩ ሰዎች የሚታየውን ትተው የማይታየውን የመረጡት ለምንድን ነው?

የታሪክ ተማሪ

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «የሚታየውን ትተው» የሚለው አነጋገር ትንሽ የሚያሳስት ይመስለኛል። እነርሱ በዓይናቸው ያዩት፣ ዝናብ ከምድር ገጽ በታች ብዙም የማይዘልቅ መሆኑን ነበር። ሮማዊው ሴኔካ ገና በአንደኛው ክፍለ ዘመን፣ የወይን ቦታውን በትጋት የሚቆፍር ሰው እንደ ሆነ ተናግሮ፣ የቱንም ያህል የከበደ ዝናብ ከዐሥር ጫማ በላይ መሬቱን እንደማያርስ መስክሯል። አርሶ አደር ከክረምት ማግሥት ቢቆፍር ከላይ ርጥብ፣ ከሥር ደረቅ አፈር የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ ይህ ምስክርነት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው የእርስዎ ተማሪ ያነሣችው ነው፦ ምንጭ በበጋም ይፈስሳል። ሁለተኛው የሒሳብ ግምት ነው። ትልቅ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀንና ሌሊት የሚወርደውን ውኃ የሚያይ ሰው፣ አልፎ አልፎ የሚጥል ዝናብ ያን ሁሉ ሊሞላ ይችላል ብሎ ለማመን ይቸገራል። ዝናቡን የለካ፣ ወንዙንም የለካ ሰው ስላልነበረ፣ ሁሉም «አይበቃም» በሚለው ግምት ላይ ተስማምቶ ኖረ። መጽሐፈ መክብብም ፈሳሾች ሁሉ ወደ ባሕር እንደሚሄዱ፣ ባሕሩ ግን እንደማይሞላና ውኆች ወደ መጡበት እንደሚመለሱ ስለሚናገር፣ ባሕሩ በድብቅ ቦይ ወደ ተራራ ይመልሳል የሚለው አሳብ ከመጽሐፍም ድጋፍ ያገኘ መሰለ።

ቀሪው ጥያቄ፣ ጨዋማው የባሕር ውኃ እንዴት ጣፋጭ ሆኖ ተራራ ላይ ይወጣል የሚል ነበር። ፈረንሳዊው ዴካርት በ1644 የሰጠው መልስ፣ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። የባሕር ውኃ በምድር ስንጥቆች ወደ ተራሮች ሥር ይገባል፤ በዚያ በምድር ውስጥ ባለው ሙቀት ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ የተራራው ቀዝቃዛ ጣሪያ ሲነካው ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ጨውም ከሥር እንደ አተላ ይቀራል። ተራራው እንደ ማሰሮ፣ ጫፉ እንደ ክዳን መሆኑ ነው። ተቃዋሚዎች በኋላ፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ጨው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ዋሻዎቹን ሁሉ በደፈናቸው ነበር ብለው ሞግተዋል፤ ሙግቱም ትክክል ነው። ይሁንና አሳቡ ራሱ የሰነፍ አሳብ አልነበረም።

ኪርኸርም በ1638 ወደ ቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ አፍ ወርዶ የሚንተከተከውን እሳት አይቷል። ምድር በውስጧ የእሳትና የውኃ ጎተራዎች አሏት ያለው ይህን ካየ በኋላ ነው። ባሕሩ በኖርዌይ አጠገብ እንዳለው ባለ አዙሪት በኩል ወደ ምድር ይዋጣል፣ በተራሮችም በኩል ይወጣል፤ ልክ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር። የደም ዝውውር በእንግሊዛዊው ሐኪም በሃርቪ የታተመው በ1628 መሆኑን ስናስታውስ፣ ምሳሌው በዘመኑ ምን ያህል አዲስና ማራኪ እንደ ነበረ እንረዳለን።

የቁፋሮ ባለሙያ

በውኃ ጉድጓድ ቁፋሮና ምንጭ በማጎልበት ሥራ ለብዙ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ከሙያዬ በኩል ጥቂት ልጨምር።

ክርክሩን የፈታው ሰው ፊቱን ወደ ምድር ሆድ ሳይሆን ወደ መለኪያ ያዞረው ፒየር ፔሮ ነው። ይህ ሰው በፓሪስ የመንግሥት ገቢ ሰብሳቢ ነበረ፤ በኋላ ከሥራው ተባርሯል። ወንድሙ ሻርል ፔሮ የሲንደሬላን ተረት የጻፈው ነው። በ1674 ስሙን ሳይጽፍ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሴን ወንዝን ከመነሻው እስከ አንዲት ትንሽ ከተማ ድረስ ብቻ ወሰደ፤ ርዝመቱ ሦስት ሊግ፣ ስፋቱ ሁለት ሊግ (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው) የሚሆን ተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡ ወደ ወንዙ የሚወርድበት መሬት ነው። የሦስት ዓመት ዝናብ አማካዩ ከ19 የፈረንሳይ ኢንች ጥቂት የሚበልጥ፣ በዛሬ ልክ 520 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። ይህን በመሬቱ ስፋት ቢያባዛው፣ ሙዊ በሚባለው የአገሩ መስፈሪያ 224,899,942 ሙዊ ውኃ በዓመት ይወርዳል። ወንዙ የሚወስደው ግን 36,453,600 ሙዊ ብቻ ነው። ዝናቡ ለወንዙ አይበቃም ሲባል የኖረው፣ ወንዙ ከዝናቡ ስድስት እጅ አንዱን ብቻ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስሌት ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቁጥሮቹ ፍጹም ስለ ሆኑ አይደለም፤ የወንዙን ፍሰት የገመተው በጥሬው ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምዳሜው አይናወጥም።

የተማሪዋን ጥያቄ በሚመለከት ግን አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። በአንድ የገጠር ቀበሌ የእጅ ጉድጓድ ስናስቆፍር፣ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ቢጫ ሸክላ መጣ። ሸክላው ደረቅ ነበረ፤ ቆፋሪዎቹም ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ነበር። አንዱ በዶማው የሸክላውን ወለል ሲበሳው፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ውኃውን እየገፋ አፈለቀና ሰውየው አካፋውን ጥሎ በገመድ ወጣ። የሌላ ባሕር ውኃ ግን አልነበረም፤ ጠጠሩን ተከትለን ስንሄድ ከኮረብታው ጎን፣ ሸክላው ከተቋረጠበት ከላይኛው በኩል ይጀምራል። ዝናቡ የገባው በዚያ በኩል ነው። ውኃ በጠጠርና በስንጥቅ አለት ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚጓዝ፣ የሐምሌ ዝናብ በመጋቢት ምንጭ ሆኖ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም።

ጣሊያኖች በሞዴና ከተማ ይህንኑ ያውቁ ነበር። የሠራተኞችን በሽታ በማጥናት የታወቀው ሐኪም ራማዚኒ በ1691 እንደ ጻፈው፣ ቆፋሪው ወደ 60 ጫማ ከወረደ በኋላ ወለሉን በመሠርሠሪያ ይበሳዋል፤ ውኃው ያኔ በኃይል ይፈነዳና ጉድጓዱን እስከ አፉ ይሞላዋል። ራማዚኒ ራሱ ግን ውኃው ከባሕር እየተመገበ በአፔኒን ተራሮች ውስጥ ከሚከማች ጎተራ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ማየትና ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ እረዳለሁ።

የአብነት ተማሪ

ሦስታችሁንም በደስታ አነበብኩ። እኔ የምጨምረው ስለ «ቀላይ» ነው፤ ይህ ቃል የክርክሩ ሌላኛው እግር ስለ ሆነ።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 7 ስለ ጥፋት ውኃ ሲናገር «የታላቁ ቀላይ ምንጮች ሁሉ ተነደሉ» ይላል። ለአማርኛና ለግእዝ አንባቢ ቀላይ ሲባል ልቡ ወዲያው ወደ ጥልቁ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ካህን ቶማስ በርኔት በ1681 በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በዚህ ቃል ላይ የቆመ ነው። በርኔት በመጀመሪያ የጠየቀው የመስፈሪያ ጥያቄ ነበር፦ ከፍተኛ ተራሮችን የሚሸፍን ውኃ ስንት ይሆናል? የስምንት ውቅያኖስ ያህል ያስፈልጋል አለ። ይህ ሁሉ ከየት መጣ፣ ወዴትስ ሄደ? እንግዲህ ከጥፋት ውኃ በፊት ምድር ተራራም ባሕርም የሌላት፣ እንደ ዕንቁላል የለሰለሰች ነበረች፤ ከቅርፊቱ ሥር ቀላይ ነበረ፤ የፀሐይ ሙቀት ቅርፊቱን አድርቆ ሰነጠቀው፤ ቅርፊቱም ወደ ቀላይ ወደቀ፤ የዛሬዎቹ ተራሮች የዚያ የፈረሰ ዓለም ፍርስራሽ ናቸው አለ። ኒውተን እንኳ ከእርሱ ጋር ደብዳቤ ተጻጽፎ፣ በፍጥረት መጀመሪያ ቀናቱ ረጃጅም ሊሆኑ ይችሉ እንደ ነበር አመልክቶታል። እንግሊዛዊው ዉድዋርድ በ1695 የጥፋት ውኃው አለቱን ሁሉ አሟሙቶ እንደ ገና በንብርብር አስቀመጠው ሲል፣ የአገሩ ሰው ዊስተን በ1696 ለጥፋት ውኃው ጭራታም ኮከብን ምክንያት አደረገ።

እነዚህን ሰዎች መጽሐፍን ከተፈጥሮ ጋር በግድ አጋቡ ብለን ብናልፋቸው ትክክል አይመስለኝም። በእነርሱ ዘመን ስለ ምድር አመጣጥ መጠየቅና ስለ ምንጭ መጠየቅ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቀላይ ካለ ምንጭም ከእርሱ ነው፣ ቀላይ ከሌለ ደግሞ የጥፋት ውኃ ከየት እንደ መጣ መመለስ ግድ ይላል። ምንጭን ለዝናብ የሰጠ ሰው ሳያስበው የምድርን ታሪክ ጭምር ይነካ ነበር።

ለዚህ ደግሞ ልቤን የሚነካው ይስሐቅ ቮስዮስ የተባለው ሆላንዳዊ ነው። የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ አሸር በ1650 ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ነው ሲል፣ ቮስዮስ በ1659 የሰባ ሊቃናትን ትርጉም (የብሉይ ኪዳንን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ይዞ ዓለም ሰዎች ከሚሉት በ1440 ዓመት ትበልጣለች ብሎ ተከራከረ። እኛ 5500 ዘመን ብለን የምንቆጥረው አቆጣጠርም ከዚሁ ከሰባው ሊቃናት ወገን ነው። ይህ ሰው በ1666 ስለ ዓባይና ስለ ሌሎች ወንዞች አመጣጥ ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ወንዞች ሁሉ ከዝናብ ናቸው አለ። ስለዚህ ለመጽሐፍ መታመንና ለዝናብ መመስከር እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አልነበሩም።

በነገራችን ላይ፣ ዘፍጥረት 2 ቁጥር 6 በዛሬው አማርኛችን «ጉም ከምድር ትወጣ ነበር» ሲል፣ የሰባ ሊቃናት ግሪክ በዚያው ቦታ ምንጭ ይላል። ጉም ነው ወይስ ምንጭ የሚለው የሊቃውንቱ ክርክር፣ በአንዲት ጥቅስ ሁለት ንባብ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ያስደንቃል።

ዘሰከላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቁፋሮ ባለሙያው የጻፉትን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም፤ የፔሮ ስሌት በ1674 ከታተመ በኋላ ክርክሩ እዚያው አበቃ ማለት ነው?

የታሪክ ተማሪ

አላበቃም። ከሁሉ በፊት፣ ፔሮ ራሱ ዝናብ በቀጥታ ወደ ምድር ሰርጎ ምንጭ ይሆናል ብሎ አላመነም፤ ዝናቡ ወንዞችን ይሞላል፣ ምንጮች ደግሞ ከወንዞች ይቀዳሉ የሚል አቋም ነበረው። መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1580፣ ምንጭ ሁሉ ሰርጎ ከገባ ዝናብ ነው ብሎ በግልጽ የጻፈው በርናር ፓሊሲ የተባለ ሸክላ ሠሪ ነበር። ላቲንም ግሪክም አያውቅም ነበርና በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ በእምነቱ ምክንያት ታስሮ በባስቲል እስር ቤት ሞተ። ሸክላ ፍለጋ ምድርን ሲቆፍር የኖረ ሰው የትኛው አፈር ውኃ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው እንደሚይዝ ከፈላስፎቹ የተሻለ ማወቁ አይገርመኝም፤ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ግን ቃሉ ሰሚ አላገኘም።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ማርዮት በ1686፣ ከሞተ በኋላ በታተመለት መጽሐፍ፣ ሴንን በፓሪስ ለክቶ በደቂቃ 200,000 ኩቢክ ጫማ እንደሚወርድ አሰላ፤ ይህም ከተፋሰሱ ዝናብ ስድስተኛውን አይሞላም። በፓሪስ የኮከብ መመልከቻ ምድር ቤት የሚንጠባጠበው ውኃም ዝናብ ሲበዛ እንደሚበዛ አስተዋለ።

እንግሊዛዊው ሃሌይ በ1687 ሌላውን ግማሽ ለካ። በጨው ውኃ የተሞላ መጥበሻ በበጋ አየር ሙቀት ልክ አሙቆ፣ በሚዛን የጎደለውን መዘነ። ከዚያ ተነሥቶ የሜዲትራኒያን ባሕር በአንድ የበጋ ቀን 5,280 ሚሊዮን ቶን ውኃ እንደሚተንበት ገመተ። ወደ ባሕሩ የሚገቡትን ዘጠኝ ታላላቅ ወንዞች ሲቆጥር ናይል አንዱ ነው፤ እያንዳንዳቸው የቴምዝን ዐሥር እጥፍ ቢሆኑ እንኳ ድምሩ 1,827 ሚሊዮን ቶን ብቻ ይሆናል። «ባሕሩ ግን አይሞላም» ለሚለው ድብቅ ቦይ ማስፈለጉ በዚህ ቀረ፤ የሚመለሰው በሰማይ በኩል ነው።

እንዲህም ሆኖ በ1703 ላ ኢር የተባለው የፓሪስ ሊቅ ከባድ ተቃውሞ አቀረበ። በኮከብ መመልከቻው ግቢ የእርሳስ ሣጥን በስምንት ጫማ ጥልቀት ቀብሮ፣ ሰርጎ የሚወርደው ውኃ በቱቦ እንዲወጣ አደረገ፤ በ15 ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ሴኔካ የተናገረው በመሣሪያ የተረጋገጠ መሰለ። እኔ በበኩሌ ይህን ሙከራ ከፔሮ ስሌት ባልተናነሰ አከብረዋለሁ፤ 15 ዓመት ባዶ ቱቦ መጠበቅ ቀላል አይደለም።

የቁፋሮ ባለሙያ

የላ ኢር ሣጥን ደረቅ መሆኑ ዛሬ በቀላሉ ይብራራል። ደቃቅ አፈር ውኃን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ የታችኛው ጫፍ ለአየር ክፍት ሲሆን ደግሞ አፈሩ እዚያ ድረስ ፈጽሞ እስኪጠግብ ጠብታ አይለቅም። ከመጥገቡ በፊት ፀሐይ ከላይ ትመጠዋለች። እንዲህ ባለ ቦታ ውኃ ላይወርድ ይችላል፤ ወደ ታች የሚወርደው በጠጠሩ፣ በስንጥቁ፣ ዛፍ በበሳው ቀዳዳ ነው። ላ ኢር የለካው ትክክል ነበር፤ ሣጥኑን የቀበረበትን አፈር የምድር ሁሉ አፈር አድርጎ መውሰዱ ብቻ ነው ያሳተው። የፓዱዋው የሕክምና መምህር ቫሊስኔሪ በ1715 ያደረገው ይህንን ማረም ነበር፤ በእግሩ አፔኒንን ወጥቶ፣ የቀለጠው በረዶ በተንጋደዱት የአለት ንብርብሮች መካከል ሲገባ፣ ከሥር ደግሞ ንብርብሩ በሚያልቅበት ሲወጣ ተከታትሏል።

የታሪክ ተማሪ

ወደ ግሽ ዓባይ ልመለስና አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዘሰከላ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው የጠቀሱት የፓኤዝ ምስክርነት ግማሹ ነውና። ሰዎቹ ተራራው ውኃ የሞላበት ነው፣ መስኩም ይንቀጠቀጣል ካሉ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ጭምር ያረጋገጡት ሌላ ቃል ተጽፏል፦ በዚያ ዓመት ድርቅ ስለ ነበረ መሬቱ የተንቀጠቀጠው ጥቂት ነው፤ በሌላ ዓመት ግን ያለ አደጋ መቅረብ አስቸጋሪ እስኪሆን ድረስ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ቀስ ብለው ያንብቡት። ዝናብ ሲያንስ ከምንጩ ሥር ያለው ውኃ ያንሳል ማለት ነው። ተራራው ከባሕር ጋር በቦይ የተገናኘ ቢሆን ኖሮ የአንድ ዓመት ድርቅ ለእርሱ ምንም ባልሆነ ነበር። የፔሮ ስሌት ከመታተሙ 56 ዓመት ቀደም ብሎ የሰከላ (የግሽ ዓባይ አካባቢ) ሰው በእግሩ ረግጦ ያወቀው ነገር ነው፤ ኪርኸርም በራሱ መጽሐፍ አትሞታል። «ተራራው ውኃ የሞላበት ነው» የሚለው ግን ከሚወደው አሳብ ጋር ስለ ገጠመለት፣ ስለ ድርቁ የተነገረውን ያስተዋለው አይመስልም። ሌላው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ዓባይ የጻፈውም በ1669 በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ የግብጽ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ክረምት እንደሚመጣ አስረድቷል።

ዘሰከላ

ስለ ድርቁ የተጻፈውን ከዚህ በፊት አንብቤው ነበር፤ እኔም አላስተዋልኩትም። ያቺ ተማሪ የምትኖረው ከዚያው መስክ አጠገብ ነው። ሰኞ ዕለት ለክፍሉ ይህንን አነብና፣ የሠፈራቸውን ምንጭ እንደ ፔሮ እንድንለካ አሳብ አቀርባለሁ። የቁፋሮ ባለሙያው እንዴት ብንጀምር እንደሚሻል ቢመክሩን በጣም ደስ ይለናል።

የቁፋሮ ባለሙያ

መልካም አሳብ ነው፣ መምህር። አፉና ወለሉ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ጣሳ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ይትከሉ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት በማስመሪያ ይለኩትና ይድፉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ለምንጩ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሴቶቹ ቀድተው ከሄዱ በኋላ ይቁጠሩ። ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት በእርምጃ ለክተው ስፋቱን ያውጡ። ለምሳሌ ተዳፋቱ 10 ሄክታር፣ የዓመቱ ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 150 ሚሊዮን ሊትር ይወርዳል፤ በሴኮንድ 1 ሊትር የሚያፈልቅ ምንጭ በዓመት የሚወስደው 31 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ገደማ ነው። ማካፈሉን ለተማሪዋ ይተዉላት።

የሚጀምሩት በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይሻላል፤ ዝናቡ ከጀመረ ስንት ሳምንት በኋላ ምንጩ እንደሚጨምር የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ልጆቹን ወደ ሽማግሌዎቹ ይላኳቸው፤ መስኩ ከረገጡት የማይንቀጠቀጥባቸው ዓመታት የትኞቹ እንደ ነበሩ ይጠይቁና በደብተራቸው ይጻፉ።